የማን ቢላዋ? ከከሚሴ ዳስ እስከ ናታንያ አዳራሽ

በከሚሴ ልጁን የሚድር ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ ስንት ሰንጋ ይታረድ የሚለው አይደለም፤ ማን ይረደው የሚለው ነው። የጤፉ፣ የበርበሬው፣ የዘይቱና የወንበሩ ነገር ቀስ ብሎ ይደርሳል። የቢላዋው ነገር ግን አስቀድሞ ካልተቆረጠ ድግሱ ድግስ አይሆንም። የተጠራው እንግዳ ገበታው ሲቀርብለት ወደ አሳላፊው ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «የማን ሥጋ ነው?» ይላል። የሚታመን መልስ ካላገኘ እጁን ሰብስቦ ይቀመጣል። ለደጋሽ ደግሞ በገዛ ዳሱ ውስጥ እጁን ሰብስቦ የተቀመጠ እንግዳ ከማየት የከፋ ውርደት የለም።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በቦርከና ወንዝና በጨፋ ሜዳ አጠገብ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በአማራ ክልል ውስጥ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ርዕሰ ከተማ ከሆነች ወዲህ መሥሪያ ቤቱም፣ ሱቁም፣ ሠራተኛውም በዝቶባታል። የዞኑ ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ሙስሊም ኦሮሞ ነው። በከተማይቱ ውስጥ ግን ክርስቲያኑም፣ አማርኛ ተናጋሪውም፣ ከደሴና ከሸዋ በሥራ ተዛውሮ የመጣውም፣ ከቆላው ለገበያ ብቅ የሚለው አፋርም ይገናኛል። እንዲህ ያለ ከተማ ሲያድግ ጉርብትናው ይሰፋል፣ እድሩ ይበዛል፤ እድሩ ሲበዛ የሠርጉ እንግዳ ይበዛል። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ቀን፣ ማንንም ሳያስቀይሙ፣ እንዴት አድርጎ ማብላት ይቻላል?

ወሎ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ የቆየ ነው። ክርስቲያኑ ደጋሽ ከሆነ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ የሚሆነውን በግ ወይም ፍየል፣ አቅም ካለውም ሰንጋ፣ ከነነፍሱ ያስረክባቸዋል። ቁም ነገሩ ያለው «ከነነፍሱ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ከብቱን የተረከቡት ሰዎች በራሳቸው ሰው፣ በራሳቸው ቢላዋ፣ «ቢስሚላሂ አላሁ አክበር» ብለው ያርዱታል። ድስቱ ከእነሱ ቤት ይመጣል፤ ጉልቻው ራቅ ብሎ ይጎለታል፤ ወጡንም የሚሠሩት የእነሱ ሴቶች ናቸው። ሙስሊሙ ሲደግስ ነገሩ ይገለበጥና ክርስቲያኑ ጎረቤት «በስመ አብ» ብሎ የራሱን ያርዳል። ለአንዱ ጠላና ጠጅ ይቀዳል፤ ለሌላው ብርዝና ቀሪቦ። ዳሱ ሁለት፣ ድስቱ ሁለት፣ ጭልፋውም ሁለት ነው። ጭልፋ ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው ከተሻገረ የጠዋቱን ጥንቃቄ ሁሉ ውኃ በላው ማለት ስለሆነ፣ ይህን የሚጠብቁ አንዲት ዓይነ ስል እናት ከወጥ ቤቱ ደጃፍ አይጠፉም። ሙሽራ ከመጠበቅ የማይተናነስ ሥራ ነው።

እንጀራው ግን ከአንድ ምጣድ ሊወጣ ይችላል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ሃይማኖት የላቸውም። የሚለያየው ሥጋው ብቻ ነው፤ ዘፈኑ አንድ፣ ስጦታው አንድ፣ ምርቃቱ አንድ ነው። እዚህ ላይ የግመልን ነገር ሳያነሱ ማለፍ ይከብዳል። ሰኞ ሰኞ በሚቆመው የባቲ ገበያ ግመል ይሸጣል፣ ይለወጣል፤ ለአፋሩና ለሙስሊሙ ኦሮሞ የግመል ሥጋ የክብር ሥጋ ነው፤ ክርስቲያኑ ግን ማንም ባርኮ ቢያርደው አይቀምሰውም። እሪያን በተመለከተ ሁሉም አንድ ቃል ናቸው። ሩቅ አገር ሰው ሲያየው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም፤ የዚህ አገር ልጅ ግን ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ጋር ይማረዋል።

አንዳንድ አንባቢ ይህን ሲያነብ፣ «ስለ ድግስ የምንጽፍበት ጊዜ ነው ወይ?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢው በተነሳው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ድረስ ወርዶ ነበር። ነገር ግን ከብት ከነነፍሱ ለጎረቤት ማስረከብ፣ ጎረቤትም በበኩሉ በሌላው ሰው ግቢ ውስጥ ቢላዋ መዝዞ ማረድ፣ ተራ የወጥ ቤት ጉዳይ አድርጎ ማየት አይቻልም። ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው የአንድ ከተማ ሰላም ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ሁለተኛው ዳስ መተከሉን ያቆመ ዕለት ሁሉም አንድ ላይ መብላት ጀመረ ማለት ላይሆን ይችላል፤ መጠራራት ቀረ ማለትም ሊሆን ይችላል።

ወሎ ደግሞ ሥጋ በአዋጅ የተፈተነበት አገር ነው። በአገራችን ልማድ ሃይማኖት የለወጠ ሰው በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር፤ በአንገቱ ላይ ባሰረው ማተብና ወደ አፉ ባገባው ሥጋ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በግንቦት 1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ በወሰኑ ጊዜ፣ ትልቁ የወሎ ባላባት ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ራስ፣ በመጨረሻም ንጉሥ የሆኑት እኒያው ናቸው። ሁሉ ሰው ግን እንደ እሳቸው አልሆነም። የተሰደደ ተሰደደ፤ እንደ ሼህ ጦልሃ ያለው ጦር አነሳ፤ ቀን ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረም ብዙ ነው። ቤተ መንግሥት ገበታውን አንድ ሊያደርግ ሞክሮ አልተሳካለትም። ሁለት ዳስ መትከልን ያመጣው ንጉሥም፣ ጉባኤም አይደለም፤ ልጃቸውን ለመዳር የሚፈልጉ፣ ጎረቤታቸውንም ላለማጣት የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ሁለት ቢላዋ ነው። በዚሁ በአማራ ክልል፣ ከከሚሴ ወደ ሰሜን ምዕራብ ራቅ ብሎ፣ ሦስተኛ ቢላዋ የያዙ ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። ቤተ እስራኤል ናቸው። ጎረቤቶቻቸው «ፈላሻ» ይሏቸው ነበር፤ እነሱ ግን ስሙን አይወዱትም። ደምቢያ፣ ወገራ፣ ሰሜን፣ ወልቃይት፣ በጎንደር ከተማም አጠገብ ወለቃ አገራቸው ነበር። የእነሱ ድግስ ከከሚሴው ይልቅ እጅግ የጠበቀ ሥርዓት ነበረው፤ ምክንያቱም በእነሱ ዘንድ የሚለየው ሥጋው ብቻ አልነበረም። ከእስራኤል ቤት ያልተጋገረ እንጀራም ለባለ ሥርዓቱ ሰው አይበላም። ከሌላ ወገን ሰው ጋር የተነካካ ሰው ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ወንዝ ወርዶ ይታጠብ ነበር። ጎረቤቶቻቸው በዚህ ምክንያት «አትንኩኝ» የሚል ቅጽል አውጥተውላቸዋል። ጥሬ ሥጋ በእነሱ ዘንድ ነውር ነው፤ ብርንዶ የሌለበት ሠርግ ሠርግ የማይመስለው የጎንደር ክርስቲያን ለዚህ ምን ይል እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

ነገር ግን እስቲ የአንድን የጎንደር ክርስቲያን ወጥ ቤት በዓይነ ሕሊናችን እንግባበት። ወጡ የሚሠራበት ድስት፣ ጠላው የሚጠነሰስበት ጋን፣ ውኃው የሚቀዳበት እንስራ ከማን እጅ ወጣ? ሸክላ ከምትሠራው የቤተ እስራኤል ሴት። በሬው የታረደበት ቢላዋ፣ ማሳው የታረሰበት ማረሻስ? ብረት ከሚቀጠቅጠው ባሏ። ድስቱን ሠርተው ይሸጣሉ፤ ከድስቱ ግን አይበሉም። ቢላዋውን ይሞርዳሉ፤ ቢላዋው ያረደውን ግን አይቀምሱም። ክርስቲያኑም በበኩሉ እጃቸውን እየፈለገ «ቡዳ» ብሎ ይሸሻቸው ነበር። ይህን ስንጽፍ የጥንቱን ጉርብትና ከማር ብቻ የተሠራ ለማስመሰል አይደለም፤ እሬትም ነበረበት። መሬት የመያዝ መብት ያጣ ሕዝብ ነው የእጅ ሥራ ላይ የወደቀው።

ድግሳቸው ብዙ ነው። ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። እናቲቱ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን በአራስ ጎጆ ቆይታ ስትወጣ «አርድእት» የተባለው መጽሐፍ ይነበባል፤ ቤተ ዘመድ ይበላል፣ ይጠጣል። በሠርግ ጊዜ ቄሱ በሙሽራው ግንባር ላይ «ቀሸራ» የተባለውን ነጭና ቀይ ክር ያስራል። ለሞተ ሰው ተዝካር ይወጣል። ከአስተሰርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን ስግድ ይመጣል፤ ሕዝቡ ጾሞ ኦሪቱን ተከትሎ ተራራ ይወጣል፤ ከጸሎቱ በኋላ ወርዶ በዳቦና በጠላ ይፈስካል። ፋሲካ ደግሞ ለባለ ቤቷ ከሁሉ የከበደ ነው። ለሰባት ቀን እርሾ የነካው ነገር ከቤት ይወጣል፤ እንጀራ በእርሾ የሚቦካ ነውና እንጀራም የለም፤ ጠላም የለም። ቂጣ ብቻ ይጋገራል። አሮጌው ሸክላ ተሰብሮ በአዲስ ይተካል። ሸክላ ሠሪ መሆን ለዚህ ለዚህ ይጠቅማል።

ታዲያ ይህን ያህል የጠበቀ ሕዝብ ክርስቲያን ጎረቤቱን በሠርጉ ላይ እንዴት ያስተናግድ ነበር? በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነችው ሐጋር ሰሎሞን ወደ እስራኤል የሄዱ የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን ስለ ድሮው ጉርብትናቸው ጠይቃ እ.ኤ.አ. በ1999 መጽሐፍ አሳትማለች። እነዚያ ሰዎች የተናገሩት የከሚሴን ሰው አያስደንቀውም። ክርስቲያን እንግዳ ሲጠራ ከብቱ ከነነፍሱ ይሰጠዋል፤ ራሱ ያርዳል፤ በክርስቲያን ዕቃ ይሠራል፤ በተለየ ቦታ ይበላል። ክርስቲያኑም ሲደግስ ለቤተ እስራኤል ጎረቤቱ እንዲሁ ያደርግለታል። ጥሬ እህል፣ ማር፣ ገና እሳት ያልነካው ነገር ሁሉ ያለ ችግር ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። አንድ ደጋሽ ሁለት ወጥ ቤት የሚያደራጅበት ጥበብ ከቦርከና እስከ ደምቢያ አንድ መሆኑ ነው።

የዚህ ጥበብ መሠረቱ አንድ ነገር ነው፤ ማንም የሌላውን ቢላዋ አይመረምርም። ክርስቲያኑ ሙስሊሙን፣ «በደንብ ባርከሃል ወይ?» ብሎ አይጠይቀውም። የቤተ እስራኤሉን ቄስም፣ «አንተ በእርግጥ እስራኤላዊ ነህ?» ያለው ጎረቤት የለም። ያንተ ያንተ ነው፣ የእኔም የእኔ ነው። አትቀምስልኝም፤ ግን ታምንልኛለህ።

ከዚህ ከወጡ ወዲያ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ የሌላውን ሥጋ መብላት፤ ይህም መካድ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ እህሉ ጠፍቶ፣ ቤተ እስራኤል እንደ ሌላው ሕዝብ ረገፈ። ነፍሱን ለማዳን ወደ ክርስቲያን ገበታ የቀረበም ብዙ ነው። የእነዚያና በኋላም የተጠመቁት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው ዛሬ «ፈላሽ ሙራ» የሚባሉት። በጎንደርና በአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ለመሄድ ተራ ሲጠብቁ ዓመታት ያለፏቸው ከእነሱ መካከል ናቸው። አንድ ጊዜ የተበላ ሥጋ ከመቶ ዓመት በኋላ በኢሚግሬሽን ቢሮ ይጠየቃል።

ድግሱን ወደ ከተማ እናምጣው። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በተካሄደው «ዘመቻ ሙሴ» ከ7,000 ያላነሱ ሰዎች ከወጡ በኋላ የቀሩት በየገጠሩ ተበታትነው ቆዩ። በ1982 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የእስራኤል ግንኙነት ሲታደስ ከጎንደር ገጠር እየነቀሉ ወደ አዲስ አበባ ጎረፉ። በኤምባሲው ዙሪያና በየሰፈሩ በኪራይ ክፍል ታጨቁ። አሁን አስቡት፤ ወንዝ አጠገብ መስፈር የለመደ፣ ለአራስ የተለየ ጎጆ የሚሠራ ሕዝብ በአንዲት የጭቃ ክፍል ውስጥ ሲገባ። በኪራይ ግቢ የአራስ ጎጆ የት ይቀለሳል? የቧንቧ ውኃ በጀሪካን እየተገዛ እንዴት ይነጻል? የግቢው ምጣድ የጋራ ሲሆን የማን እንጀራ ነው የሚባለው? ልጅ ግን ይወለዳል፣ ሰውም ይሞታል፤ ግዝረቱም ተዝካሩም አይቀርም። ቄሶቹ አብረው ተሰደዋልና ቢላዋው ነበር፤ የጠፋው ዳሱ የሚተከልበት ቦታ ነው። ለብዙዎቹ የገጠሩ ሥርዓት ከተማ ውስጥ እንደማይገባ የታወቃቸው እስራኤል ሳይደርሱ በፊት፣ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ ከተማዋን ሊይዝ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ «ዘመቻ ሰሎሞን» በተባለው ጉዞ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ በአውሮፕላን ተጫኑ። ድስትም ምጣድም ይዞ መሄድ አልተፈቀደም፤ ጊዜው የነፍስ ነበር።

እስራኤል አገር ሠርግ የሚደገሰው በአዳራሽ ነው። አዳራሹ ኪራይ አለው፣ ወጥ ሠሪና አሳላፊ አለው፤ የምግቡ ሒሳብ በእንግዳ ነፍስ ወከፍ ይቆረጣል። ከሁሉ በላይ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የምስክር ወረቀት አለው፤ ወጥ ቤቱ እንደ ሕጉ የሚሠራ መሆኑን ረቢዎቹ የሰጡት ነው። ወረቀቱ ዝም ብሎ አይሰቀልም፤ «ማሽጊያኽ» የሚባል ተቆጣጣሪ ከወጥ ቤቱ ይቆማል። በከሚሴ ጭልፋ የሚጠብቁትን እናት ያስታውሳል፤ ልዩነቱ እኚህኛው ደመወዝ አላቸው፣ ከጀርባቸውም መንግሥት የሚያውቀው የሃይማኖት ቢሮ ቆሟል።

የኢትዮጵያ ልጅ የሆነ ደጋሽ በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር የዶሮ ወጥ ነው። ኦሪት ጠቦትን በእናቱ ወተት አትቀቅል ትላለች፤ ረቢዎቹ ይህን አስፍተው ሥጋና የወተት ዘር ሁሉ በአንድ ገበታ እንዳይገናኙ፣ ዶሮም እንደ ሥጋ እንዲቆጠር ደንግገዋል። እንግዲህ ቅቤ የሌለው ዶሮ ወጥ፣ አይብ የማይቀርብለት ዶሮ ወጥ ሊሠራ ነው። ሽንኩርቱን በዘይት ማቁላላት በጾም የለመደ ሰው ብዙም አይደንቀው ይሆናል፤ የጎንደር ባልቴት ግን ይህን ቀምሰው ፊታቸውን ሳያጨማድዱ ማለፋቸውን እንጃ። እንጀራውም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ስትከለክል ጋጋሪዎቹ ጤፉን ከሌላ ዱቄት ጋር ማዳበል ግድ ሆነባቸው። ከውጭ ተጋግሮ የሚመጣ እንጀራም ወረቀት ከሌለው ከአዳራሹ ወጥ ቤት አይገባም።

እነዚህ ግን የቅመም ችግሮች ናቸው፤ ሰው ይለምዳቸዋል። ያልተለመደው ሌላ ነው። የአይሁድ ሕግ የምግቡን ብቻ ሳይሆን የአብሳዩንም ማንነት ይጠይቃል። በተለይ የምሥራቅ አይሁድ ልማድ ድስቱን እሳት ላይ የሚጥደው አይሁዳዊ እንዲሆን ይሻል። የወይን ጠጅ ደግሞ ካልፈላ በቀር አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው እጅ ከነካው አይጠጣም። ጠጅ ከማር ነውና ከዚህ ነፃ ነው፤ የኛ አበው ሳያውቁት ብዙ ጣጣ አመለጡ። እንግዲህ የአንድ ሰው አይሁዳዊነት የተጠረጠረ እንደሆነ ድስቱም፣ ብርጭቆውም አብሮ ይጠረጠራል ማለት ነው።

ጥርጣሬው ደግሞ ነበር። በ1965 ዓ.ም. የምሥራቅ አይሁድ ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ወስነዋል፤ መንግሥትም በ1967 ዓ.ም. ተቀብሎታል። ይሁን እንጂ ሊያገቡ የፈለጉ ወጣቶች ወደ ጋብቻ መዝጋቢው ሲሄዱ፣ «ለጥንቃቄ ያህል» ውኃ ገብተው እንዲወጡ፣ እንደ አዲስ እንዲመለሱ ይጠየቁ ነበር። በዚያ አገር ለአይሁዳዊ ከረቢዎቹ ቢሮ ሌላ ጋብቻ የሚመዘግብለት የለም። ስለ ንጽሕና ሲል ከጎረቤቱ ጋር እንኳ የማይነካካ ሕዝብ፣ በየወንዙ እየታጠበ የኖረ ሕዝብ፣ እንደገና ታጠብ ተባለ! በ1978 ዓ.ም. መባቻ በኢየሩሳሌም በዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ተቀምጠው አንድ ወር ያህል ተቃወሙ። ሁሉም ረቢ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ የናታንያው ረቢ ዳዊት ሸሉሽ ያለ ቅድመ ሁኔታ ያጋቡ ስለነበር ከየከተማው ሙሽሮች ወደ እሳቸው ይሄዱ ጀመር። ለዚህ ነው ናታንያ በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የሠርግ ትዝታ ውስጥ የምትገኘው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የእስራኤል ምክር ቤት በ2000 ዓ.ም. ስግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። ከኢትዮጵያ የመጡትና እዚያ የተወለዱት ልጆቻቸው ዛሬ ከ160,000 በላይ ናቸው፤ ወታደርም፣ ሐኪምም፣ የምክር ቤት አባልም ወጥቶላቸዋል። ሆኖም በሰኔ 2010 ዓ.ም. የአገሪቱ መገናኛ ብዙኃን አንድ ወሬ አወጡ። ባርካን የተባለው ትልቅ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ከአንድ እጅግ አጥባቂ ከሆነ ማኅበር ተጨማሪ የምስክር ወረቀት ለማግኘት ሲል፣ ትውልዳቸው ከኢትዮጵያ የሆኑ ሠራተኞቹን ወይኑን ከሚነኩበት ሥራ አንስቶ ወደ ሌላ ሥራ አዛውሮ ነበር። ምክንያቱ አይሁዳዊነታቸው ለአጥባቂዎቹ ያጠራጥራል የሚል ነው። የዚያን ጊዜው የምሥራቅ አይሁድ ዋና ረቢ ይስሐቅ ዮሴፍ፣ የእነዚያው የኦቫድያ ዮሴፍ ልጅ፣ ለዚህ ከዘረኝነት በቀር ሌላ ስም የለውም የሚል ፍርድ ሰጡ። ፋብሪካውም ውሳኔውን ተወው።

ድሮ «አትንኩኝ» የሚሉት እነሱ ነበሩ። ያን ጊዜ ቃሉ በገዛ ደጃቸው ላይ የቆመ አጥር ነበር፤ ጎረቤቱን ከራሱ ቤት አላስወጣውም፤ የራሱን በግ ከማረድም አልከለከለውም። በ2010 ዓ.ም. የደረሰባቸው ግን «አንተ አትንካ» ነው። አንድ ዳስ ብቻ በቆመበት ግቢ ቢላዋውን የሚመረምር አንድ ሰው ሲሾም የሚሆነው ይህ ነው። የከሚሴ ሰው ሥጋህን አልበላም ሲልህ ማንነትህን አይነካም፤ የራስህን በግ ያስረክብሃል። የራሱን ወንድም ወይን አትንካ የሚለው ግን፣ ማን መሆንህን እኔ ልንገርህ እያለ ነው።

ዛሬ በእስራኤል ልጃቸውን የሚድሩ የቤተ እስራኤል ወላጆች እንዴት ያደርጋሉ? አዳራሹን ይከራያሉ፤ ረቢው ያጋባል፤ ተቆጣጣሪው ወጥ ቤቱን ይጠብቃል፤ ሩዝና ጥብስ፣ ከጎኑም በዘይት የተሠራው ወጥና እንጀራው ይቀርባል። ወጣቶቹ ሙዚቃው እስኪያልቅ ይጨፍራሉ። ሽማግሌዎቹ ግን አሁንም ቄሱ ባርኮ ያረደውን ሥጋ የሚመርጡ አሉ፤ በሬ ከገበሬ ገዝተው፣ ቄስ ጠርተው፣ እንደ አገር ቤት ቅርጫ ይካፈላሉ። የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት የቄሱን ቢላዋ አያውቀውም፤ ስለዚህ ያ ሥጋ ወረቀት ከተሰቀለበት አዳራሽ አይገባም። የሚበላው ከሠርጉ በኋላ በቤት፣ በመልሱ ቀን ነው። ቄሱ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ከፊት ይቀመጣሉ፤ ጠላው ይቀዳል፤ ወጡም ቅቤ ይገባበታል ወይስ አይገባበትም በሚለው ላይ እናቶችና ሴት ልጆች ይከራከራሉ።